የተሰናበተው ሊጥ አቡኪ

«ክቡራንና ክቡራት የዳቦ ቤታችን ሠራተኞች! ከዛሬ ጀምሮ ከመስቀያ ውጭ ተሰቅሎ በሚገኝ ማንኛውም ጃኬት ላይ የማያዳግም እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይህ ታላቅ አዋጅ በተለጠፈ ማግስት፣ ጠዋት፣ አንጋፋው አቡኪ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጃኬቱ ግን፣ አዋጁ ይክበርና፣ መስቀያው ላይ በሥርዓት ተሰቅሏል።

ባልደረቦቿ «ምስጥ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የዳቦ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ጠበቃት።

«እኛን አይመለከተንም። ከወር በፊት የስንብት ማስጠንቀቂያ ሰጥተነው ጊዜው ትናንት አብቅቷል። ሊሰርቅ ገብቶ ነው።»

«ውሸታም!» አለች የሟች ሚስት። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶት እኔ ሳልሰማ? የልጆቼን ካሳ ልትበላ ነው!»

እውነቷን ነው፤ ሠራተኛ ሆኖ ካልሞተ ለልጆቹ ካሳ የለም።

ምስጥ ማሽኑ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ግማሹ ተፍቆ ጸድቷል፤ መፋቂያው ከሟቹ እጅ አልወጣም።

«ደግሞ ማሽን የሚያጸዳ ሌባ መጣ!» ብላ ወደ ፎርማኑ ዞረች። «ሰው ውስጡ እያለ እንዳይነሳ ምን ታደርጋላችሁ?»

«የሚያጸዳው ሰው ጃኬቱን ማብሪያው ላይ ይሰቅላል። ጃኬት ያለበትን ማብሪያ የሚነካ የለም፣ እህቴ።»

«ቢሮ ያሉትስ ያውቃሉ?»

«እነሱ? ዱቄት እንዳይነካቸው እዚህ መች ይደርሳሉ!»

ባለቤቱን፣ የወንድሙ ልጅ የሆነውን አዲሱን የሠራተኛ አስተዳዳሪ፣ ፎርማኑንና ሚስትየውን ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሠራተኛ እስኪወጣ የት ይሠራል?»

«ጓሮ ከረጢት ያራግፋላ! የተናደደ ሰው ማሽኔን እንዲሰብርብኝ ነው? አላስጠጋም!»

«ሟቹስ ወሩን ሙሉ የት ነበር?»

«እዚሁ ማሽኑ ላይ» አለ ፎርማኑ።

ምስጥ ባለቤቱን አየችው።

«እንግዲህ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ከሞተ በኋላ ነው። ሰውየው ሥራው ላይ ነበር። ጃኬቱን ማብሪያው ላይ ሰቅሎ ገባ። ያነሳበት ሰው የዚህን ክፍል ልማድ አያውቅም፤ የጃኬቱን አዋጅ ግን ራሱ ነው የጻፈው።»

ሁሉም ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ።

«ጃኬቱን ቦታው መለስኩ... ማሽኑ በሥራ ሰዓት ቆሟል... አበራሁት። ሰው እንዳለ በምን ልወቅ?»

«ዝም በል አንተ!» አጎቱ ጮኸበት።

«እሱ ባለማወቅ ገደለ እንበል» አለች ምስጥ። «እርስዎ ግን እያወቁ ሬሳ ከሥራ አባረሩ። እንዴት አስቻለዎት?»

ሚስትየው ባለቤቱ ፊት ቆመች። «ንገራታ! ዕድሜውን ሙሉ ሊጥህን ሲያቦካ ኖሮ!»

ባለቤቱ ከረባቱን አስተካከለ።

«ለማንም ማብራሪያ አልሰጥም» አለ።