የጉድጓዱ አየር

የሙዚየሙን አዛውንት ሠራተኛ ሌስሊ ትሬምባትን ሞቶ ያገኙት ለጎብኚዎች ማሳያ በተሠራው የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው። ገላው ላይ ጭረት እንኳ የለም። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ሳጅን ኔሪዳ ባክስተር ስትደርስ ጎብኚዎች ከበር ተመልሰው፣ በጥንቱ የወርቅ ፈላጊዎች ሰፈር አምሳል ሜዳ ላይ የተሠራው ሙዚየም ጭር ብሎ ነበር።

«አየር አጥሮት ነው» አለ ሐኪሙ። «ታች የሚጠራቀመውን መጥፎ አየር የሚያወጣው ሞተር ጠፍቷል።»

«ሳያስነሳው ወርዶ ይሆን?»

«ሌስሊ አያደርገውም» አለ የሙዚየሙ አንጥረኛ ዋልተር ኩዎንግ፣ እጁ በከሰል እንደጠቆረ። «ሻማ ሊያበራ ሲወርድ ሞተሩ ሲጮህ ሰምቻለሁ።»

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?»

ሥራ አስኪያጇ ግሌንዳ ሩክ አቀረቀረች። «ጡረታ ውጣ ብለው እምቢ አለኝ። ሚስቱን ብቻዋን ቤት መተው ስለሚፈራ እዚህ ዳቦ ቤት ያውላት ነበር።»

ኔሪዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን የሞተር ማጥፊያ ጎንበስ ብላ አተኩራ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ዳቦ ቤት ገባች። የሌስሊ ሚስት፣ አሮጊቷ አይቪ፣ ሊጥ እያሹ ነበር።

«እማማ፣ የሞተሩ ጩኸት አይረብሽዎትም?»

«አሁንማ ጸጥ አለ። ኮሊንም ተኛልኝ።»

ሳጅኗ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ሞተሩ ሲሠራ ተሰምቷል። ስለዚህ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ሌስሊ ከወረደ በኋላ። ዋልተር ቢነካው ጥላሸት ይቀር ነበር። ግሌንዳ በር ላይ ትኬት ስትቆርጥ ነበር፤ ጎብኚዎቹን ጠይቄያለሁ። ማጥፊያው ላይ ያለው የጣት አሻራ ደግሞ የዱቄት ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኮሊን ማነው?»

«ልጃቸው» አለ ዋልተር። «በሦስት ዓመቱ ሞተ። አርባ ስድስት ዓመት አለፈው። አይቪ ግን አሁን አሁን ሁሉን ትረሳለች።»

ኔሪዳ ከአሮጊቷ ፊት ተንበርክካ ባላቸው መሞቱን ነገረቻቸው። አይቪ በዱቄታም እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ማንም ሊያባብላቸው አልቻለም። የሳጅኗ ማስታወሻ ደብተር ክፍት ነበር፤ ምን ብላ እንደምትጽፍ ግን አላወቀችም። ማንን ልትከስ ነው?

ጥቂት ቆይተው አይቪ ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ ሊጡ ተመለሱ።

«ሌስሊ ዛሬ ዘገየ» አሉ። «ለምሳ አይወጣም እንዴ?»

ግሌንዳ ፊቷን አዞረች። ሳጅኗ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። በአንድ ቀን ስንት ጊዜ መርዶ ይነገራል?

ዋልተር ወንበር ስቦ ከአጠገባቸው ተቀመጠ።

«ይመጣል፣ አይቪ» አለ።