አባቴ እንዳልፈርም የነገረኝ ወረቀት

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። ይሄ ግን ከሰው የሰማሁት ሳይሆን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጉሮሮ ሐኪም ክፍል ውስጥ።

አስቀድሜ ልናዘዝ።

የአባቴን ማንቁርት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ካንሰር ነበር። «ካልወጣ ይሞታሉ፤ ከወጣ ድምፅ የለም» ተባለ።

አባቴ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። «እንዳትፈርም! ሰምተሃል? ከነድምፄ ልሙት።»

ራሱን ሲስት ፈረምኩ።

ለሰው ሁሉ «ስለምወደው ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ «አንተ የማትረባ!» ያለኝ ድምፅ ዝም እንዲል ፈልጌ ነው። ዝም ሲልም ደስ አለኝ።

ሲነቃ አንገቱ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ እየተነፈሰ ያመጣሁለትን ትንሽ ሰሌዳና ማርከር ተቀበለኝና ጻፈ፦ «ማን ፈረመ?»

«ሐኪሞቹ ናቸው፣ አባዬ።»

እሱ ግን ጽሑፉን አላጠፋውም። በየቀኑ ያንኑ ያሳየኛል...

የምሠራው አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። መነሻ ሰዓት በማይክራፎን እናገራለሁ። አንድ ቀን ትኬት ቆራጯ ብቅ አለች።

«ምነው ዛሬ ድምፅህ የሽማግሌ ሆነ?»

«ጉንፋን ነው» ብዬ ሳቅኩ።

በማግስቱ መስታወት ፊት ጢሜን ስላጭ ሰማሁት።

«አንተ የማትረባ!»

አፌ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ጉሮሮዬን በእጄ ነካሁት...

ይንቀጠቀጣል።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። አባቴን የሚጠብቅልኝ ስላልነበረ ይዤው ሄድኩና ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ትይዩ አስቀመጥኩት። በሩ ገርበብ ብሏል።

ዶክተሩ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገባ። ስክሪኑ ላይ የድምፅ አውታሮቼ ታዩ። ሁለት ነጫጭ ክሮች።

«ኢ... ይበሉ።»

«ኢ...»

ክሮቹ ተጋጠሙ።

«ጎበዝ። አሁን ዝም ይበሉ።»

ዝም አልኩ።

እነሱ ግን አላረፉም። ይጋጠማሉ... ይከፈታሉ... ይጋጠማሉ...

«ዝም ይበሉ አልኩ እኮ» አለ ዶክተሩ በሹክሹክታ።

ዝም ማለቴን ለማሳየት ከንፈሬን በጣቴ ነካሁ። ያን ጊዜ ዶክተሩ ቀና ብሎ በሩን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ዓይኔን ብቻ አዞርኩ።

አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ስክሪኑ ላይ ካሉት ክሮች ጋር እኩል።

ከዚያ ከእኔ አፍ የእሱ ድምፅ ወጣ።

«ማን ፈረመ?»

«ሐኪሞቹ» ልል ሞከርኩ። አፌን ከፈትኩ... ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። ትንፋሽ ብቻ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ገባ። ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የማርከሩን ክዳን ከፈተና ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።