የጎበጠው መስመር

«ልቀቀው!» ብላ ጮኸች ድምቡሼ፣ ግቢው መሀል ቆማ ስልኳን ወደ ላይ እንደያዘች።

ቱርቦ ከላይኛው በረንዳ ተንጠራርቶ ኳሱን ለቀቀው። ኳሱ በጠመኔ ልክ በተሰመረበት ግድግዳ አጠገብ ቁልቁል ወርዶ መሬት ነካና ነጠር ነጠር ብሎ ቆመ። የስፖንጅ ኳስ ነው። የፊዚክስ መምህራቸው «ያገኛችሁትን ጣሉ፣ አወዳደቁን በግራፍ አምጡ» ብለው ነበር። የድምቡሼ አባት ግን መስታወት ቆራጭ ናቸው፤ ግቢው በመስታወት ተሞልቷል። «እዚህ ጠጠር የጣለውን ካልቀጣሁ ሰው አያርገኝ!» ስላሉ ከስፖንጅ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ደጋግመው ጣሉ፣ ደጋግመው ቀረጹ። ከዚያ ቤት ገብተው ቪዲዮውን ቀስ እያደረጉ አዩ፤ ኳሱ በየቅጽበቱ የት እንደደረሰ ለቅመው ፍጥነቱን አሰሉና ነጥቦቹን ግራፍ ወረቀት ላይ አስቀመጡ። መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ መጨረሻው ግን ጎበጠ።

«ጉድ ፈላ!» አለ ቱርቦ። «መጽሐፉ ላይ እኮ ቀጥ ያለ ነው። እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው!»

«የኔ እጅ? ኧረ ባክህ!»

ቱርቦ ወደ ቦርሳው ዞረ። አዲስ ወረቀት አወጣና ቁጥሮቹን ከቀመሩ እያሰላ፣ በማስመሪያ ልቅም ያለ መስመር አሰመረ። «አየሽ? የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ትዕይንት ላይ የሚያስገባን ይሄ ነው።»

ድምቡሼ ትዕይንቱን ካምና ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። ምርጥ ግራፍ የሠሩት ሁለት ተማሪዎች ናቸው የሚሄዱት። ቢሆንም ወረቀቱን ወደሱ መልሳ ገፋችው። «ይሄ እኮ የኛ ኳስ አይደለም።»

«አቦ አታካብጂ! ማን ያውቅብናል?» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

እሷ ግን አላስቻላትም። እጅ ቢንቀጠቀጥ ነጥቦቹ ወዲህና ወዲያ ይበታተኑ ነበር። እነዚህ ግን በጣሉት ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚጎብጡት። ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ የሱቁን ቁልፎች ከበረንዳ ልጣላቸው?»

«ጤና የለሽም እንዴ ልጄ?» አሉ አባቷ። እንዲያም እያሉ መስታወት የሚያሽጉበትን ጭድ ራሳቸው አነጠፉላት።

ቁልፎቹንና ኳሱን እኩል ለቀቀቻቸው። ቁልፎቹ ጭዱ ውስጥ ሲሰምጡ ኳሱ ገና አየር ላይ ነበር።

«አቤት ልግመት!» ብለው ሳቁ አባቷ። «ዕቃ እጠቢ ስትባዪ ቁርጥ አንቺን!»

ድምቡሼም ሳቀች። ደስ ብሏት በረንዳው ላይ ዘለለች። «አየሩ ነው! አየሩ ነው የያዘው! እጄ አልተንቀጠቀጠም!»

በማግስቱ ክፍል በር ላይ ለቱርቦ ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ሁሉም ቀጥ ያለ ይዞ መጥቶ እኛ ብቻ ጎባጣ? ሼም ነው እኮ!»

«ሼሙን ለኔ ተወው።»

መምህሩ ሲጠሯቸው ሁለቱም ወረቀቶች በእጇ ነበሩ። ቀጥ ያለው በጣም ያምራል። ትዕይንቱም ያምራል። የቱርቦ ኩርፊያ ደግሞ በቀላሉ አይበርድም። ቀጥ ያለውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና የጎበጠውን ሰጠች።

መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የጎበጠው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቱርቦ አንገቱን ደፋ። ድምቡሼ አፏን ልትከፍት ስትል ግን ቀና ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«ቁልፎቹን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ኳሱንም።»

«ቲቸር፣ አንዴ ወደ መስኮቱ ይምጡልን» አለ ቱርቦ። «እሷ ትቅረጽ፣ እኔ እጥላለሁ።»

ድምቡሼ ቁልፎቹንና ኳሱን አቀብላው ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ታች ደርሳ ቀና ስትል መስኮቱ በጓደኞቿ ጭንቅላት ተሞልቷል፤ መምህሩም ከመሀል አሉ። ስልኳን ወደ ላይ ያዘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ልቀቃቸው!»