ሰባት ያላሳለፋቸው ቁጥሮች

«ሠላሳ ስምንት ለሁለት ይካፈላል! ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ለሦስት ይካፈላል! እስከ አሥር ድረስ ዝንፍ አይልም!»

ፀደይ ጠመኔው እጇ ላይ መሰበሩን እንኳ አላስተዋለችም። ሰሌዳው ላይ 3816547290 የሚል ቁጥር ጽፋለች። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አኃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ገብተውበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሁለት፣ ሦስቱ ለሦስት፣ አራቱ ለአራት እያለ እስከ አሥር ያለ ቀሪ ይካፈላል።

የሒሳብ አስተማሪያቸው መምህር ስማቸው «እንዲህ ያለ ቁጥር ፈልጉ» ካሉ ሳምንት ሆኗቸዋል። ሌላ አለመኖሩን ጭምር ዛሬ ከደወል በፊት ያሳየ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው በሚያዘጋጀው ውድድር ይሳተፋል። ካልተገኘ ዕድሉ የሚሰጠው ዳኛው ለሚባለው የሌላኛው ክፍል ልጅ ነው።

«ሌላ እንደሌለ በምን አወቅሽ?» አሉ መምህሩ።

«አምስተኛው ቦታ አምስት፣ መጨረሻው ዜሮ መሆን አለበት፣ ቲቸር። ተጋማሾቹ ደግሞ በተጋማሽ ቦታ ነው የሚገቡት። እንዲህ እያልኩ ሳጠብ አሥር ቁጥሮች ብቻ ቀሩ። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ሰባት አኃዞች ለሰባት አካፈልኩ። ዘጠኙን ሰባት አላሳለፋቸውም!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። «ሸጋ! እጅግ ሸጋ!» አሉና መምህሩ የውድድሩን ቅጽ አውጥተው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

ፀደይ ደብተሯ ላይ የዘረዘረቻቸውን አሥሩን ቁጥሮች በኩራት ቁልቁል አየቻቸው። ድንገት ዓይኗ አንድ ቦታ ተተከለ። 1896547230 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንደኛው 9816547230 መሆን ነበረበት። እሱን አልሞከረችውም!

የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ብርቱካን ደብተሩን አሻግራ ስታይ ነገሩ ገባት። «አንቺ፣ ዝም በይ!» አለች በሹክሹክታ። «ማንም አላየም እኮ።»

ፀደይ እውነትም ማንም እንዳላየ አወቀች። ልቧ ግን ይመታ ነበር፤ በፍርሃት ብቻም አልነበረም። ያ ቁጥር ቢያልፍስ?

«ቲቸር፣ አይጻፉ! አንድ ቁጥር ዘልያለሁ።»

መልስ ሳትጠብቅ ሰሌዳው ላይ ማካፈል ጀመረች። ዘጠና ስምንት ለሰባት፣ አሥራ አራት። አንድ ወረደ፣ ስድስት ወረደ። ደወሉ ተደወለ። ከወንበሩ የተነሳ ተማሪ ግን አልነበረም። ከኋላ ያሉት እንዲያውም አንገታቸውን አሰገጉ። ሃያ ሰባት ለሰባት፣ ሦስት...

«ስድስት ይቀራል!» ብላ ጮኸች። «አላለፈም!»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። መምህር ስማቸው ፈገግ ብለው ሰዓታቸውን አዩ፤ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ደወሉ ቀድሞሻል፣ ልጄ። ለዳኛው ቃል ገብቻለሁ» አሉ፣ እያዘኑ።

ፀደይ ደብተሯን ዘጋች። «አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለች።

ሲወጡ ብርቱካን በግና ነበር። «ምነው ዝም ብትዪ? ደግሞስ ቀሪው ዜሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?»

«ዜሮ?» ፀደይ በረንዳው ላይ ቆም አለች። ዓይኖቿ በሩ። «ያኔማ ቁጥሮቹ ሁለት ይሆኑ ነበራ!»