«ኔትወርክ ነው በያቸው»

«እስቲ አሁን ደግሞ ሞክሪው» አሉ ሐጂ ዐብደላ፣ ስልካቸውን ለልጃቸው እያቀበሉ። የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ውስጥ ተሰልፈው ከቆሙ ቆይተዋል፤ ወረፋው ግን ፈቀቅ አይልም።

መርዋ ለይምሰል ስልኩን ነካካችው። ምን እንደሚል ታውቃለች። የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል ነው የሚለው።

«አሁንም እምቢ አለ፣ አባ።»

«ላ ሐውላ!»

ኢሜይሉን የከፈተችላቸው ራሷ ነበረች፣ በትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የዱባይ ደንበኛቸው የአዳዲስ ሻርፖች ፎቶ በኢሜይል እልካለሁ ስላላቸው ነው። ደወሉ ሊደወል ሲል ተጣድፋ ማንም የማይገምተው የይለፍ ቃል ፈጠረች፤ ቁጥርም ምልክትም የተቀላቀለበት። በራሷ ኮራች። የትም ግን አልጻፈችውም። አባቷ አድራሻውን ለደንበኛቸው ሰጡ፤ ቢዝነስ ካርዳቸው ላይም አሳተሙት። ከዚያ ስማርት ስልክ ገዝተው መጡና «እዚህ ላይ ክፈችልኝ» አሏት።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። የደንበኞች አገልግሎት ጋ ደውላ ሙዚቃ ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ። በስንት መከራ አንድ ሰው አነሳና የማስተካከያ መልእክት ላከላት። ኢንተርኔቱ ሲገባ ደግሞ ስልኩ የይለፍ ቃል ጠየቃት። የወንድሟን ስም ሞከረች፤ የሱቁን ስም ሞከረች፤ ቁጥሩን ከፊትም ከኋላም አደረገችው። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ማላተም አማራት።

«አቦ አታካብጂው» አለቻት ጓደኛዋ ሰሚያ። «ኔትወርክ ነው በያቸው፣ አለቀ። ኔትወርክ ሲባል ማን ይከራከራል?»

እንዳለቻት አደረገች። ሐጂ ዐብደላም አመኗት። ስላመኗትም ይኸው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ቀና አለች። ደረቷ ላይ «እንኳየሁ» የሚል ስም ተለጥፏል።

«ምነው እንዲህ ታንገላቱናላችሁ?» አሉ ሐጂ። «ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ናት! እሷን ያቃታት የእናንተ ነገር ቢበላሽ ነው እንጂ!»

መርዋ ጉንጮቿ ሲግሉ ተሰማት።

እንኳየሁ ስልኩን ተቀብላ አንድ ገጽ ከፈተች። ተከፈተ። ሌላም ሞከረች። «ኢንተርኔቱ እኮ ይሠራል፣ አባቴ።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የምዋሸው?»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሌላውም ተቀበለው፤ ቢሮው በጫጫታ ተሞላ። ይሄኔ ክራባት ያሰረ አለቃ ከውስጥ ብቅ ብሎ እንኳየሁ ላይ አፈጠጠባት። «ደግሞ ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምንም... ምናልባት ከእኛ ይሆናል። ይቅርታ አባቴ፣ አጣራለሁ።» ድምጿ ተሰባበረ።

መርዋ ዝም ብትል ያልፍላታል። ኔትወርክ ነው ይባላል፣ ይኼው ነው። ልጅቷን አየቻት። ከዚያ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባ፣ እሷን አይቆጧት።»

«እንዴት አልቆጣ!»

«ኔትወርክ አይደለም። የይለፍ ቃሉን ረስቼው ነው። ዋሸሁዎት።»

ጫጫታው ቀጥ አለ። ሐጂ ዐብደላ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ይህ ሁሉ ሰው ፊት ካቆምሽኝ በኋላ?»

«አዎ» አለች።

ሐጂ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሏት እንኳየሁን።

እንኳየሁ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ወደ መርዋ ዞረች። «ኢሜይሉን ስትከፍቺ ስልክ ቁጥር አስገብተሻል?»

«የአባቴን የድሮ ቁጥር። ሲም ካርዱ ግን ጠፍቷል።»

«እንግዲያው በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ይውጣላቸው። መክፈቻው ኮድ በእሱ ይመጣልሻል። ግን ወረፋው ያኛው ነው።»

ያኛው ወረፋ እስከ በሩ ደርሷል። ሐጂ ዐብደላ መታወቂያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሄዱና መጨረሻው ላይ ቆሙ። መርዋን አልጠሯትም፤ ዞረውም አላዩዋትም። እሷ ግን ሄዳ ከኋላቸው ተሰለፈች።