ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ካሜራ

«ዘንገና ነው የጠራው» አሉ በዛብህ። ለፖሊሱም ለለቀስተኛውም ብለውታል፤ አሁን ደግሞ ለኢንስፔክተር እንቁ ደገሙላት። «ሐይቁ ብቸኛ ሰው ይወዳል፣ ልጄ።»

«እኔም ብቸኛ ነኝ። ምነው ሳይጠራኝ ቀረ?» አለች እንቁ፣ ከአፋፉ ቁልቁል እያየች።

ሟቹ ስንታየሁ ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ አንሺ ነበር። ጣሊያን ሳይገባ በዚህ አገር ያለፈ አንድ ተጓዥ ያነሳቸውን ቦታዎች እየፈለገ፣ ተጓዡ በቆመበት ቆሞ ዳግም ያነሳቸዋል። ቅዳሜ ማታ አስከሬኑ ከአፋፉ ሥር ተገኘ። የካሜራው ማቆሚያ ከላይ እንደቆመ ነው፤ ካሜራው ወደ ውሃው ዞሯል። ሚሞሪውም ይዞት የመጣው አሮጌ ፎቶም የሉም።

ዕቃውን በፈረስ ያደረሰለት ኪዳኑ ታሰረ።

«ብቻዬን ተወኝ፣ ማታ ና አለኝ» አለ ኪዳኑ። «ሰው አጠገቡ ሲቆም አይወድም። ከቀትር ጀምሮ እንጅባራ፣ ዋሂዳ ሱቅ ጤፍ ስጭን ዋልኩ። ይጠይቋት።»

«ጠይቄያታለሁ። ፈረስህ ጤፏን እንደቀመሰባትም ነግራኛለች።»

«ምን ያደርግልኛል? የሞተው ጠዋት ነው እየተባለ።»

«ማን አለ?»

«አያ በዛብህ።»

በዛብህ ከሰል ነጋዴ ናቸው፤ ጠዋቱን አዲስ ቅዳም ገበያ መዋላቸውን ያላየ የለም። ከአፋፉ ጀርባ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ የተከሉትም እሳቸው ናቸው። መሬቱን ግን የሻረግ የሚባሉ መበለት «የአባቴ ነው» ብለው ይከሷቸዋል።

በማግስቱ እንቁ ኪዳኑን፣ በዛብህንና የሻረግን አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸውና ስልኳን አወጣች።

«ሚሞሪው አልተገኘም። ያለ ሚሞሪውም ቢሆን የሟቹ እህት የአሮጌውን ፎቶ ቅጂ ልካልኛለች።»

አንድም ዛፍ የለበትም። የግጦሽ ሣር፣ ጎጆ፣ የድንጋይ አጥር ብቻ።

«የአባቴ አጥር» አሉ የሻረግ በቀስታ።

«ስንታየሁ ጥላው ሳይቀር ካልገጠመለት አያነሳም ነበር ብላኛለች እህቱ። እዚህ የአጥሩ ጥላ ወደ ሐይቁ ወርዷል፤ ጠዋት ቢሆን ወደ ግጦሹ ይዞር ነበር። ስለዚህ ጠዋት ቦታውን አገኘ፣ ከዚያ ፀሐይዋን ሲጠብቅ ዋለ። የሞተው ከሰዓት ነው፤ ኪዳኑ እንጅባራ ሳለ፣ እርስዎ ከገበያ ከተመለሱ በኋላ።»

«ገደል ያንሸራትታል» አሉ በዛብህ።

«ያንሸራትታል። ግን የወደቀ ሰው ተመልሶ ካሜራ አያዞርም። አጥሩ የነበረበትን ለማንሳት ጀርባውን ለሐይቁ መስጠት ነበረበት። ካሜራውን ወደ ውሃው የመለሰው ሰው፣ ከእነዚህ ዛፎች በፊት እዚህ ምን እንደነበረ እንዲታይ አልፈለገም። ኪዳኑን ምን ገዶት? እማማ የሻረግስ የራሳቸውን ማስረጃ ይደብቃሉ? ደግሞ አያ በዛብህ፣ ሚሞሪ ባልኩ ቁጥር እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይገባል።»

ነፋሱ ዛፎቹን አንሿሿቸው። በዛብህ ጥፍር የምታህለዋን ሚሞሪ አውጥተው ሰጧት።

«ለምን አልጣሏትም?»

«ዘንገና ይመልሳታል ብዬ ፈራሁ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወረዱ። ኪዳኑም ፈረሱን ፍለጋ ሄደ። የሻረግ ብቻ በዛፎቹ መሐል፣ ከቅጠሉ ሥር የአጥሩን ድንጋይ በእግራቸው እየዳበሱ ቀሩ።

«አሁን መሬትዎን ያገኛሉ» አለቻቸው እንቁ።

«ለበዛብህ ትቼለት ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዓርብ ዕለት ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸው ነበር። ልጅ የለኝ፤ ለማን ላውርሰው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊነግሩት ነበር፤ ሬሳ ወጣና ቀረ።»