የአባባ ቁጥሮችና ባዶው ቻርት

«ማኅደርዬ፣ እነዚህን ቁጥሮች አትርሺያቸው።»

አያቷ አባባ እንዲህ ያሏት ድሮ ነው። መስኮቱን «እፍ!» ብለው በትንፋሻቸው ካደበዘዙት በኋላ፣ በጣታቸው ፩፣ ፪፣ ፫ ብለው ጻፉላት።

አሁን አባባ የሉም። አልጋቸው ግን አለ፤ ጋቢያቸውም ተጣጥፎ እላዩ ላይ ተቀምጧል።

ከአልጋው በላይ ቆርቆሮው ተበስቷል። ውጪ ዝናብ፣ ውስጥም ዝናብ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አልጋውን ፈቀቅ የሚያደርጉበት ቦታ የለም። እናቷ ጠብታው የሚወርድበት ላይ ሳፋ አስቀመጠች።

አጎቷ ምትኩ መጣና ቀና ብሎ አየ። «ይቺን ነው እንዴ? ክረምቱ ይውጣና እደፍናታለሁ።»

«ጋሼ፣ እየባሰባት ነው እኮ! የአባባ አልጋ ሊበሰብስ ነው!»

«ምኗ ነው የባሰው? ጠብታ ጠብታ ናት!» ብሎ ሄደ።

«እንግዲያው እናሳየዋለን» አለች እናቷ ቀስ ብላ። ድምጿ ሁልጊዜም ቀስ ያለ ነው።

ስልኳ ላይ ማስታወሻ ከፈተች። ሰንጠረዥ ሠራች፦ ጠዋት ስንት ኩባያ ውሃ፣ ማታ ስንት ኩባያ።

«ይሄ ቀመር ይባላል፤ የጠዋቱንና የማታውን ይደምራል። ይሄ ደግሞ ቻርት ነው፤ ድምሩን አይቶ ምሰሶ ያቆማል። ብዙ ውሃ፣ ረጅም ምሰሶ።»

ማኅደር ጠዋትና ማታ ውሃውን በኩባያ ቀዳች። ጨለፍ! ጨለፍ! ከዚያ አባባ እንዳስተማሯት ጻፈች።

ሰኞ ፩ እና ፩። ማክሰኞ ፩ እና ፪። ረቡዕ ፪ እና ፫። ሐሙስ ፫ እና ፬።

ቻርቱስ? ባዶ!

እናቷ ቀመሩን አጥፍታ ደግማ ጻፈችው። ቻርቱስ? ባዶ!

ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ቻርቱስ? ባዶ! ጠብ! ጠብ! ጠብ!

እናቷ ሰንጠረዡን አተኩራ አየችው። «ማኅደርዬ… ቀመሩ የአባባን ቁጥሮች አያውቃቸውም። በ1፣ በ2፣ በ3 እንጻፍለት።»

«አይሆንም! አትርሺያቸው ብለውኛል!» ማኅደር አለቀሰች። ጉንጯም እንደ ቆርቆሮው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

እናቷ አቀፈቻት። ከዚያም በሰንጠረዡ ዳር አንድ ዓምድ ጨመረች። «ይሄ የአባባ ነው። ቀመሩ አይነካውም።»

ማኅደር አፍንጫዋን ጠረገች። በአባባ ዓምድ የየቀኑን ድምር ጻፈች፦ ፪፣ ፫፣ ፭፣ ፯። በሌሎቹ ደግሞ ቀመሩ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ጻፈችለት።

ቻርቱስ? ብቅ! ብቅ! ብቅ! ብቅ! አራት ምሰሶዎች እንደ ደረጃ ቆሙ፤ የሐሙሱ ከሁሉም ረዘመ።

አጎቷ ተመልሶ ሲመጣ ቻርቱን አየና ሳቀ። «እንዲህ ከሆነማ እሑድ አልጋው ሊዋኝ ነው!»

ማኅደር አልሳቀችም። የጋቢውን ጫፍ አስነካችው። ርሷል።

አጎቷም ሳቁን ተወ። «የአባዬ ጋቢ…» አለ።

ዓርብ ዝናቡ ጋብ ሲል መሰላል ይዞ መጣ። ኳ! ኳ! ኳ!

ቅዳሜ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ጣሪያውን ሲደበድብ ዋለ። ሳፋው ግን ደረቅ ነው።

ማታ ማኅደር ጠዋት 0፣ ማታ 0 ብላ ጻፈች። የአባባ ዓምድ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «እማዬ፣ የአባባ ቁጥሮች ዜሮ የላቸውም።»

«የላቸውም። ባዶውን ተዪው፣ የኔ ልጅ።»

ባዶውን ተወችው። ልክ እንደ አባባ አልጋ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። «እፍ!» አለች።

በጣቷ ፩፣ ፪፣ ፫ ብላ ጻፈችና ተኛች።